ዘ ዳርክነስ 2ን ለመጫወት መጀመሪያ መብራቱን አጥፉ

እኛ ሰፈር መብራት ሲሄድ «ኤጭ!» የማይል ሰው የለም። እኔም እላለሁ። ዘ ዳርክነስ 2 ውስጥ ግን ነገሩ ግልብጥ ነው። መብራት ከጠፋ ጌታ ናችሁ፣ ከበራ አለቀላችሁ። ይህ ሳይገባኝ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሰዓታት እንደ ሌላው የተኩስ ጌም ነው የተጫወትኩት። ግድግዳ ተከልዬ፣ ብቅ ጥልቅ እያልኩ፣ ጭንቅላት እያነጣጠርኩ፣ አንድ ኮሪደር ላይ ደግሜ ደጋግሜ እየሞትኩ፣ በመጨረሻ «ይሄ ጌም አይረባም» ብዬ ዘጋሁት። ከሳምንት በኋላ ታናሽ ወንድሜ ቁጭ አለና ያንኑ ኮሪደር በአንድ ትንፋሽ አለፈው። ምን እንዳደረገ ስጠይቀው «መጀመሪያ አምፖሎቹን መታኋቸው» አለኝ። በቃ። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የዚች አንዲት ዓረፍተ ነገር ማብራሪያ ነው ማለት ይቻላል።

ስሙ ስለሚያምታታ እሱን እንጨርስ። ዘ ዳርክነስ የሚባሉ ሁለት ጌሞች አሉ። የመጀመሪያውን በፈረንጆቹ 2007 የሠራው ስታርብሪዝ የተባለው የስዊድን ድርጅት ሲሆን፣ የወጣው ለፕሌይስቴሽን 3 እና ለኤክስቦክስ 360 ብቻ ነው። ለኮምፒውተር አልወጣም፤ ስለዚህ «የፒሲ አንደኛው አለኝ» የሚላችሁ ሰው ካለ ጠርጥሩት። ሁለተኛውን የካናዳው ዲጂታል ኤክስትሪምስ ሠርቶት በየካቲት 2012፣ እንደ ፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ ለኮምፒውተርም ጭምር ወጣ። ሁለቱም የተቀዱት ቶፕ ካው ከ1996 ጀምሮ ካሳተመው ኮሚክ ነው። የመጀመሪያው ቀስ ይላል፤ የኒውዮርክ የባቡር ጣቢያዎች ውስጥ እየዞራችሁ ከሰው ጋር ታወራላችሁ፣ ከፍቅረኛችሁ ከጄኒ ጋር ሶፋ ላይ ተቀምጣችሁ ቴሌቪዥን ላይ ሙሉ ፊልም ማየት ሁሉ ትችላላችሁ። ለእኔ ታሪኩ ከሁለተኛው ይበልጣል። ግን ፕሌይስቴሽን 3 ያለው ሰው እያነሰ ስለመጣና ሁለተኛው አሮጌ ላፕቶፕ ላይም ስለሚሄድ፣ ዛሬ የምናወራው ስለ ሁለተኛው ነው።

ስለ አሮጌ ላፕቶፕ ካነሳን አይቀር፣ ቦታው 10 ጊጋ ገደማ ነው፣ ራሙም ብዙ አይጠይቅም። ሥዕሉ በእጅ እንደተሳለ ኮሚክ ስለሆነ ጥራቱን ዝቅ ብታደርጉትም ያን ያህል አያስጠላም። የኔ ላፕቶፕ ሁለት ትር ብራውዘር ሲከፈትበት የሚጮህ ነው፤ ይሄን ግን ተሸክሞታል። አንድ ነገር ብቻ አትቆጥቡ፦ ሄድፎን። በውስጣችሁ ያለውን፣ «ጨለማው» የሚባለውን ክፉ መንፈስ ድምፅ የሚሠራው የፌይዝ ኖ ሞር ባንድ ዘፋኝ ማይክ ፓተን ነው፣ ጆሮ ሥር ሲያንሾካሹክ በላፕቶፕ ስፒከር መስማት ግፍ ነው።

ታሪኩን አላበላሽባችሁም፣ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ። የምትጫወቱት ጃኪ ኤስታካዶን ሆናችሁ ነው፤ የኒውዮርክ ማፊያ አለቃ ነው። ያ በዘር የሚወርድ ክፉ መንፈስ፣ ጨለማው፣ ጃኪ 21 ዓመት ሲሞላው ተነሳበት። በሁለተኛው ጌም መጀመሪያ ላይ ጃኪ መንፈሱን አፍኖ ይዞታል፤ ሬስቶራንት ውስጥ ሊበላ ገብቶ ጥቃት ይደርስበታል፣ እግሩ ይጎዳል፣ አንዱ ሰው ወለል ለወለል እየጎተተው እሱ ሽጉጥ ይተኩሳል። እዚህ ጋ ምንም ኃይል የላችሁም፣ ዝም ብላችሁ ተኩሱ። ከዚያ ሞት ይመጣል፣ ጨለማውም «ፍቀድልኝ» ይላል። ጌሙ የሚጀምረው ያኔ ነው።

ከትከሻችሁ ግራና ቀኝ ሁለት እባብ የሚመስሉ ክንዶች ይወጣሉ። እጆቻችሁ ላይ ደግሞ ሁለት ሽጉጥ። አራት ነገር በአንዴ ማዘዝ መጀመሪያ ያደናግራል፣ እኔ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ቦምብ እንደፈራ ሰው ጣቴን የት እንደማደርግ ጠፍቶኝ ነበር። በኤክስቦክስ ጆይስቲክ ከሆነ የላይኞቹ ሁለት ቁልፎች፣ ኤልቢና አርቢ፣ ክንዶቹ ናቸው። የታችኞቹ ቃታዎች ሽጉጦቹ። የግራው ክንድ ይይዛል፣ ይወረውራል፣ ልብ ይበላል። የቀኙ ይገርፋል። አርቢን ጫን ብላችሁ የቀኙን ስቲክ ወደ ጎን ስትገፉ አግድም ይመታል፣ ወደ ላይ ስትገፉ ሰውየውን አየር ላይ ያወጣዋል። በኪቦርድና ማውስ ይቻላል፣ ማነጣጠሩም ይቀላል፤ ግርፋቱ ግን በጆይስቲክ ነው የሚያምረው። ሁለት መሣሪያ በሁለት እጅ ስትይዙ አጉልቶ ማነጣጠር እንደሌለ እወቁ። ራቅ ያለ ነገር መምታት ካለባችሁ ወደ አንድ መሣሪያ ቀይሩ።

አሁን ወደ መብራቱ።

ብርሃን ውስጥ ስትገቡ ስክሪኑ ነጭ ይሆናል፣ ጆሮ የሚበሳ ድምፅ ይመጣል፣ ክንዶቹ ይሰበሰባሉ፣ ጤናችሁም አይመለስም። ተራ ሰው ናችሁ ማለት ነው፣ ያውም የታወረ ተራ ሰው። ስለዚህ አንድ ክፍል ከመግባታችሁ በፊት በሩ ላይ ቆም በሉና ሰዎቹን ሳይሆን ጣሪያውን እዩ። እኔ የተለማመድኩት ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። መጀመሪያ በራሴ መንገድ ላይ ያለውን አምፖል እመታለሁ፣ ሁሉንም አይደለም፣ የምቆምበትን ብቻ። ከዚያ የምሸሽበትን። ከዚያ ነው ተኩስ የምጀምረው። ሁሉንም አምፖል ልጨርስ ስትሉ ጥይት ያልቃል፣ ጠላትም ይነቃል። ለአምፖል የሚበቃው ሽጉጥ ነው፤ መትረየስ ለአምፖል የሚጠቀም ሰው ውኃ በጆንያ የሚቀዳ ነው።

አንዳንዱ መብራት ግን ብትተኩሱበትም አይጠፋም። ትልልቅ ፓውዛዎች አሉ፣ ጥይት የማይነካቸው። እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚናደደው፣ እኔም ተናድጄ ነበር። ፓውዛውን ተዉትና ጄነሬተሩን ፈልጉ። የሆነ ጥግ ላይ ይኖራል። ጄነሬተሩን ስትመቱት አካባቢው በሙሉ ድርግም ይላል፣ ያን ጊዜ ያለው ደስታ ሌላ ነው። አንድ ቦታ ላይ ፓውዛ ፊቴ ላይ በርቶብኝ፣ ምንም ሳይታየኝ፣ ወደ ግራ ግድግዳውን እየታከክሁ በጆሮዬ ብቻ እየሄድኩ፣ ጄነሬተሩ አጠገብ ስደርስ በግምት ተኩሼ አጠፋሁት። ጨለመ። ክንዶቹ ወጡ። ቅድም ያሳድዱኝ የነበሩት ሦስት ሰዎች ኋላቸውን ሲሰጡኝ አየሁ።

ጠላቶቹ ጅል አይደሉም። ወንድማማችነት የሚባለው ቡድን ጨለማውን ከናንተ ነጥቆ ለራሱ ሊወስድ ስለሚፈልግ ድክመታችሁን ያውቃል። ራሳቸው መብራት ተሸክመው የሚመጡ አሉ፤ እነሱን ከሁሉ በፊት ጨርሱ፣ መብራቱን ራሱን መትታችሁም ቢሆን። ጋሻ የያዘ ሲመጣ ፊት ለፊት ጥይት አታባክኑ፣ በግራው ክንድ ጋሻውን መንጭቁት። ጅራፍ የያዙት ደግሞ መሣሪያችሁን ከእጃችሁ ይነጥቃሉ። መጀመሪያ ጊዜ ሲያጋጥመኝ ላፕቶፑ የተበላሸ መስሎኝ ነበር።

አሁን ወደ ነውሩ እንምጣ፣ ልብ መብላት። የሞተ ሰው አጠገብ ስትደርሱ የግራው ክንድ ልቡን አውጥቶ ይበላል፣ ጤና ይመለስላችኋል፣ ነጥብም ታገኛላችሁ። እናቴ አንድ ቀን ሳሎን ስታልፍ ልክ በዚያ ሰዓት ስክሪኑን አይታ «በስመአብ! ምንድን ነው የሚበላው?» ብላ ካማተበች በኋላ ጀርባዬን ወደ ግድግዳ አድርጌ ነው የምጫወተው። ጌሙ ለ18 ዓመትና ከዚያ በላይ ነው፣ የምር ነው የምላችሁ፣ ልጅ ባለበት ክፍል አትክፈቱት።

ልቡ ለምን ይጠቅማል ካላችሁ፣ ይሄ ነው ከሌላው የተኩስ ጌም የሚለየው ሁለተኛው ነገር። ሌላ ጌም ላይ ስትጎዱ ሸሽታችሁ ትደበቃላችሁ። እዚህ ስትጎዱ ወደ ጠላት ነው የምትቀርቡት፣ ምክንያቱም መድኃኒታችሁ ያለው እሱ ደረት ውስጥ ነው። ገርፋችሁ ያደከማችሁትን ሰው በግራው ክንድ ስትይዙት ደግሞ በተለያየ መንገድ መግደል ትችላላችሁ፣ እንደከፈታችሁት ችሎታ አንዱ ጤና ይሰጣል፣ አንዱ ጥይት፣ አንዱ መከላከያ። ጥይት አለቀብኝ ብላችሁ መሬት ለመሬት መሣሪያ የምትለቅሙ ከሆነ ይሄን ረስታችሁታል ማለት ነው።

ዙሪያችሁ ያለውንም ዕቃ አትርሱ። የመኪና በር ይዛችሁ እንደ ጋሻ እየተከለላችሁ መቅረብ፣ ከዚያ በሩን ራሱን መወርወር ይቻላል። ብረት ዘንግ ስትወረውሩ ሰውየው ግድግዳ ላይ ተሰክቶ ይቀራል። የጋዝ ሲሊንደር ምን እንደሚያደርግ አልነግራችሁም። እኔ በሰው የተሞላ ክፍል ስገባ ከሽጉጡ በፊት ዓይኔ የሚሄደው የሚወረወር ነገር ላይ ነው፣ ጥይት አያስከፍልማ።

ነጥባችሁን በየመንገዱ ባሉት ልዩ ቦታዎች ላይ ቆማችሁ ችሎታ ትገዙበታላችሁ። አራት ቅርንጫፍ አለው። እዚህ ላይ ሰው ሁሉ የየራሱን ይላል፣ የኔን ልንገራችሁ። ከሁሉ በፊት መንጋውን ግዙ፤ ትንንሽ በራሪ ነፍሳት እንደ ንብ ተለቀው ክፍሉን በሙሉ ያደናግራሉ፣ ሰዎቹ እጃቸውን ሲያወናጭፉ እናንተ አምፖሉን ትመታላችሁ። ቀጥሎ መሣሪያችሁን በጨለማ የሚሞላውንና ለጥቂት ሰከንድ ጥይት እንዳያልቅ የሚያደርገውን። ከእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ትንሽ ትንሽ መቆንጠር ግን ከንቱ ነው፣ ጌሙ አጭር ስለሆነ ሁሉንም ሳትይዙ ያልቃል። ጠቅላላው ወደ 6 ሰዓት ገደማ ነው የሚወስደው። ነጥብ የሚጨምሩ የተደበቁ ቅርሶችም አሉ፤ መውጫ የሌለው የሚመስል ኮሪደር ካያችሁ ግቡበት። ስትጨርሱ ችሎታችሁን እንደያዛችሁ ከመጀመሪያው መጀመር ይቻላል፣ ያኔ የቀረውን ትሞላላችሁ።

አብሯችሁ የሚዞረው ድንክ ጭራቅ ዳርክሊንግ ይባላል። የእንግሊዝ ባንዲራ ያለበት ልብስ ለብሶ ይሳደባል፣ ሬሳ ላይ ነውር ይሠራል፣ ግን ታማኝ ነው። የት እንደምትሄዱ ከጠፋችሁ እሱን ተከተሉት። አንዳንድ ቦታ እሱን ራሱን ሆናችሁ ትጫወታላችሁ፣ ያን ጊዜ ሽጉጥ የለም፣ ከኋላ ሾልኮ መሄድ ነው።

ከጓደኛ ጋር የሚጫወት ሰው ቬንዴታስ የሚለውን ይክፈት። እስከ አራት ሰው ነው፣ ብቻችሁንም ይሆናል። ጃፓናዊው ኢኑጋሚ ሰይፍ፣ ስኮትላንዳዊው ጂሚ መጥረቢያ፣ እስራኤላዊቷ ሾሻና ሽጉጥ፣ የሉዊዚያናው ዱሞንድ የጥንቆላ ዱላ ይዘዋል። እነዚህ እንደ ጃኪ ሁለት ክንድ የላቸውም፣ ስለዚህ የለመዳችሁት ሁሉ አይሠራም። ለጀማሪ ኢኑጋሚ ይሻላል እላለሁ፣ ሰይፉ ስህተት ይቅር ይላል።

አንድ የመጨረሻ ነገር። መሃል ላይ ደጋግማችሁ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ውስጥ ትነቃላችሁ፣ «ማፊያውም ጨለማውም ሐሳብህ የፈጠረው ነው» ይሏችኋል። ተኩስ ስለሌለ ሰው እየሮጠ ያልፈዋል። አትሩጡ። ከሁሉም ጋር አውሩ፣ ፊታቸውን እዩ፣ የምታውቋቸውን ሰዎች ታገኛላችሁ። እዚያው ውስጥ ምርጫ ይቀርብላችኋል፣ አንደኛውን ከመረጣችሁ ጌሙ በድንገት አልቆ የሠሪዎቹ ስም መውረድ ይጀምራል። አልተበላሸባችሁም። ተመልሳችሁ ያንኑ የጌሙን ምዕራፍ ክፈቱና ሌላውን ምረጡ፣ ገና የሚቀር አለ።