የጉድጓድ ውሃ ናፍጣ ሲሸት፣ የጋራዥ መሬት ሲጠቁር፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው

ባሕር ዳር ከተማ ላይ የፈሰሰ ነዳጅ ሩቅ ሳይሄድ ውሃ ያገኛል። ከሐይቁና ከዓባይ አጠገብ ባሉ ዝቅተኛ ሰፈሮች ክረምት ላይ የከርሰ ምድር ውሃው ወደ ላይ ይቀርባል፤ በጋ ላይ ይወርዳል። ከታች ከተዘረዘሩት ችግሮች ብዙዎቹ የሚወሳሰቡት በዚህ መውጣትና መውረድ ነው። ቀሪው ጉዳት የሚመጣው ደግሞ ከሳሙናና ከአካፋ ነው፦ ዘይቱን በኦሞ አጥቦ ወደ ቦይ መልቀቅ ወይም ቀይ አሸዋ ደልድሎ መሸፈን። ሁለቱም ዘይቱን ከዐይን ያርቁታል እንጂ የትም አያስወግዱትም።

የጉድጓድ ውሃ ላይ ቅባት ይንሳፈፋል

መጀመሪያ ነዳጅ መሆኑን ይለዩ። ረግረግ አካባቢ፣ ብረት የበዛበት ውሃ ላይ ባክቴሪያ የሚሠራው ስስ ሽፋን ሲያዩት ከነዳጅ አይለይም። በእንጨት ጫፍ ይንኩት። እንደ መስታወት ተሰነጣጥቆ ቁርጥራጩ እንደተለያየ ከቀረ ባክቴሪያ ነው፤ ለጤና ያን ያህል አያሰጋም። የተከፈተው ቦታ ወዲያው ተመልሶ ከገጠመ ግን ነዳጅ ነው።

ከዚያ ወቅቱን ይዩ። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ቅባቱ ይወፍራል፣ ነሐሴ ላይ ይጠፋል፤ ባለቤቱም «ክረምቱ አጠበው» ብሎ ውሃውን መጠጣት ይጀምራል። አልታጠበም። ነዳጅ ከውሃ ስለሚቀል በከርሰ ምድር ውሃው ላይ ይንሳፈፋል፤ ውሃው ሲነሳ አፈሩ ውስጥ ተውጦ ይያዛል፣ ሲወርድ ደግሞ እየተንጠባጠበ ወደ ጉድጓዱ ይመለሳል። ውሃው በወጣና በወረደ ቁጥር የተበከለው የአፈር ንጣፍ እየወፈረ ይሄዳል። ቅባቱ በማይታይበት ወቅትም ቢሆን ከቤንዚን ክፍሎች ዋናው መርዝ፣ ቤንዝን፣ ውሃው ውስጥ ሟሙቶ ይገኛል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የቤንዝን ጣሪያ በሊትር 0.01 ሚሊግራም ነው። አፍንጫ የሚያውቀው ከዚህ ብዙ እጥፍ ሲሆን ብቻ ስለሆነ «አይሸትም» ማለት ማስረጃ አይሆንም።

የማይሠሩትን መጀመሪያ እናውጣ። ክሎሪን ነዳጅን አያጠፋም። ማፍላት ትነቱን ወደ ማድ ቤቱ ያስገባዋል፤ ቤንዚን ከሆነ እሳትም አለበት። የምድጃ ከሰል ለማጣሪያ ተብሎ የተዘጋጀውን ከሰል አይተካም። ጉድጓዱን በፓምፕ ጠርጎ ማድረቅ ደግሞ ከሁሉም የከፋው ነው፦ በዙሪያው ያለውን ነዳጅ ወደ መሃል ይስባል፣ ንጹሕ የነበረውንም የታችኛውን አፈር ያስነክረዋል።

የሚደረገው ይህ ነው፦

1. ውሃውን ለመጠጥም ለምግብም መጠቀም ያቁሙ፤ ወደ ሮቶ መግፋትም ያቁሙ። ፕላስቲክ ነዳጅን ወደ ውስጡ ይስባል፤ ከዚያ ንጹሕ ውሃ ቢሞሉትም ለሳምንታት መልሶ ይለቃል። የሸተተ ሮቶ ለመጠጥ ውሃ አይመለስም።
2. ሰው ጉድጓዱ ውስጥ አይግባ፤ ፋኖስም ሻማም አይውረድ። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ከታች ይተኛል። አንድም ያፍናል፣ አንድም ይፈነዳል።
3. የተንሳፈፈውን ብቻ ከላይ ያንሱ። የጥጥ ጨርቅ ወይም የደረቀ ገለባ በመረብ ከረጢት አስሮ ውሃው ፊት ላይ ማውረድና ሲጠግብ ማውጣት ይበቃል። የወጣውን በሚከደን በርሜል ያጠራቅሙ።
4. ምንጩን ይፈልጉ። የከርሰ ምድር ውሃ እዚህ ባመዛኙ ወደ ሐይቁ ወይም ወደ ዓባይ ስለሚያዘነብል ከጉድጓዱ ጀርባ፣ ከውሃው በራቀው አቅጣጫ ይጀምሩ፦ ማደያ፣ ጋራዥ፣ የጄኔሬተር ቤት፣ የተቀበረ አሮጌ በርሜል።
5. ናሙና ለላቦራቶሪ ሲወስዱ በሃይላንድ ጠርሙስ አይሁን። 40 ሚሊሊትር የብርጭቆ ጠርሙስ ያለ አንዲት የአየር አረፋ ይሞላል፣ 4 ዲግሪ አካባቢ ይቀዘቅዛል፣ አሲድ ካልተጨመረበት በ7 ቀን ውስጥ ይመረመራል። አረፋ ከቀረ የሚለካው ነገር ወደ አረፋው ይወጣና ውጤቱ ከእውነቱ ያነሰ ሆኖ ይመጣል።

ማደያው ላይ ሂሳብ አይገጥምም

የጉድለቱ መልክ መንስኤውን ይናገራል። ጉድለቱ ከሽያጩ ጋር አብሮ ከጨመረና ከቀነሰ የመቅጃው ቆጣሪ ነው። ቦቴ በገባበት ቀን ብቻ ከታየ ሙቀት ወይም ጎድሎ የመጣ ጭነት ነው፦ ቤንዚን በአንድ ዲግሪ 0.12 በመቶ ያህል ስለሚሰፋና ስለሚሸበሸብ፣ ከጂቡቲ በቆላው መንገድ ሞቆ የመጣ 10,000 ሊትር ከመሬት በታች 10 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ 120 ሊትር «ይጠፋል»፤ ማንም አልሰረቀውም። ሽያጭ በሌለበት ሌሊትም ከጎደለ ግን ታንኩ ያፈሳል ማለት ነው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ማታ ሁሉም መቅጃ ይዘጋል፣ በመለኪያ ዘንግ ሁለት ጊዜ ይለካል፣ ጠዋት ከመከፈቱ በፊት እንደገና ሁለት ጊዜ። ዘንጉ ጫፍ ላይ ውሃ ሲነካው ቀለሙ የሚቀየር ቅባት ይቀቡ። ክረምት ላይ የታንኩ ሥር ውሃ እየጨመረ ከመጣ ቀዳዳው ከከርሰ ምድር ውሃው በታች ሳይሆን አይቀርም፤ በክረምት ውሃ ያስገባል፣ በበጋ ነዳጅ ያስወጣል። «ውሃ ነው የገባው፣ ነዳጅ አልወጣም» ብሎ መጽናናት የለም። ታንኩ ይራገፋል፣ ለጊዜው ከአገልግሎት ይወጣል፣ በግፊት ይፈተሻል። ትነቱ ተገፍቶ ሳይወጣና በመለኪያ ሳይረጋገጥ የብየዳ ችቦ የሚያስጠጋ ባለሙያ ካገኙ ያባርሩት።

የጋራዡ ግቢ ጠቁሯል፣ ውሃ አይሰርግበትም

ለዓመታት የተደፋ የተቃጠለ ዘይት የአፈሩን ቅንጣት ሸፍኖታል፤ ውሃ ከላይ ይኳለላል፣ ሣር አይበቅልም። ምን ያህል ጥልቀት እንደወረደ ለማወቅ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ ቆፍረው እፍኝ አፈር ነጭ ወረቀት ላይ ይጫኑ። የውሃ እርጥበት በሰዓታት ይደርቃል፤ የዘይት ቅባት ግን እንዳለ ይቀራል። ቅባት ያልታየበት ጥልቀት ላይ ሲደርሱ 20 ሳንቲ ሜትር ጨምረው ያቁሙ።

የወጣውን አፈር ሁለት ቦታ ይክፈሉ። ሲጨብጡት እጅ የሚያቀባው ለብቻው በበርሜል ይቀመጥ፤ በአንድ ኪሎ ከ50 ግራም በላይ ዘይት ያለበት አፈር ላይ ባክቴሪያ አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም። የቀረው በባክቴሪያ ይታከማል፤ ባክቴሪያው አፈሩ ውስጥ አለ፣ የጎደለው አየር፣ እርጥበትና ማዳበሪያ ነው።

ወፍራም ሸራ ያንጥፉ፣ ዙሪያውን 30 ሳንቲ ሜትር እርከን ያድርጉ፣ አፈሩን ከ20 ሳንቲ ሜትር ሳያስበልጡ ይበትኑ። ጥቁር ሸክላ አፈር ከሆነ አየር አያስገባምና ከመጠኑ ከ10 እስከ 20 በመቶ የጤፍ ጭድ ወይም ሰጋቱራ ይቀላቀልበት። የደረቀ ፍግም ይጠቅማል።

የማዳበሪያው ሂሳብ ላይ ሰው ይሳሳታል፤ በእጅ እየዘገኑ የሚበትኑት ነገር አይደለም። በኪሎ 5 ግራም ዘይት ያለበት አንድ ሜትር ኩብ አፈር 1,400 ኪሎ ያህል ሲመዝን 7 ኪሎ ዘይት፣ ማለትም 6 ኪሎ ገደማ ካርቦን ይይዛል። ለ100 ካርቦን 10 ናይትሮጅንና 1 ፎስፈረስ በሚለው ስሌት 600 ግራም ናይትሮጅን ይፈልጋል፤ ይህ 1.3 ኪሎ ዩሪያ ነው። ለፎስፈረሱ 360 ግራም ኤንፒኤስ ይበቃል። ዩሪያውን በአንዴ ከጨመሩት በአፈሩ እርጥበት ውስጥ ያለው ጨው በርትቶ ባክቴሪያውን ይገድላል። ሦስት ቦታ ከፍለው በየወሩ አንዱን ውሃ ውስጥ አሟምተው ይርጩ።

በሳምንት አንዴ ይገለብጡት። እርጥበቱን በእጅ ይለኩ፦ ሲጨብጡት ተጣብቆ ከቆየ፣ ውሃ ግን ካልተንጠባጠበ ልክ ነው። ናፍጣ በዚህ መንገድ ባብዛኛው ከ3 እስከ 6 ወር ይወስዳል፤ የሞተር ዘይት ይዘገያል። ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ እስከ ግንቦት መሥራት ነው። የሰኔን ዝናብ ያለ መከደኛ የሚጠብቅ ሰው ዘይቱንም ዩሪያውንም ለጎረቤት ይልካል። በቤንዚን የራሰ አፈር ከሆነ መገልበጥ ማለት ወደ አየር መልቀቅ ስለሆነ መኖሪያ አጠገብ አይሠራም።

አንድ ነገር ግን አይረሳ። የተቃጠለ ዘይት ውስጥ ከሞተሩ የወጣ ብረት፣ እርሳስን ጨምሮ፣ አለ፤ ባክቴሪያ ብረት አይበላም። ስለዚህ የታከመው አፈር ለጎመን መደብ አይሆንም። የአጥር እንጨት ሥር ለምስጥ እየተባለ የሚደፋውም ይኸው ዘይት ነው፤ በተለይ ከጉድጓድ አጠገብ ይቅር።

ላቫጆው ማጣሪያ ጉድጓድ አለው፣ ግን ዘይቱ ወደ ቦዩ ያልፋል

ሁለት ምክንያት አለ። አንደኛው ጉድጓዱ ትንሽ መሆኑ ነው። ዘይት ተለይቶ እንዲንሳፈፍ ውሃው አንድ ሰዓት ያህል መቆየት አለበት፤ እያንዳንዳቸው በደቂቃ 15 ሊትር የሚለቁ 3 የውሃ ጎማዎች አንድ ላይ ሲሠሩ 2,700 ሊትር ይሆናል፣ ስለዚህ 3 ሜትር ርዝመት፣ 1 ሜትር ስፋት፣ 1 ሜትር የውሃ ጥልቀት ያስፈልጋል። መውጫው በውሃው ፊት ላይ ከተከፈተ ዘይቱ መጀመሪያ ይወጣል፤ በ110 ሚሊሜትር ቧንቧ ቲ (የT ቅርጽ ያለው ማያያዣ) ተገጥሞ አፉ ወደ ታች፣ ከወለሉ 30 ሳንቲ ሜትር ላይ ይሁን። ሁለተኛው ሳሙና ነው። ሳሙና ዘይቱን ሰባብሮ ከውሃው ጋር ስለሚያዋህደው የቱንም ያህል ቢቆይ አይለይም። ሞተር በናፍጣና በሳሙና የሚታጠብበት ቦታ ከተሽከርካሪ ማጠቢያው ተለይቶ የራሱ መያዣ ይኑረው። የተንሳፈፈው ዘይት 5 ሳንቲ ሜትር ሲሞላ ይቀዳል።

ጀልባው በቆመበት ሐይቁ ላይ ቀለም ያለው ቅባት ይታያል

ቀስተ ደመና የሚያሳይ ቅባት ውፍረቱ ከአንድ ማይክሮን ብዙም አይርቅም፤ 1 ሊትር ናፍጣ 1,000 ካሬ ሜትር ይሸፍናል ማለት ነው። ስለዚህ ቅባቱ ሰፊ ሆኖ ሲታይ ቦቴ ተገለበጠ ብለው አይደንግጡ፤ መጀመሪያ የጀልባውን ሆድ ይዩ። ከሞተሩ የሚንጠባጠበው ከሚገባው ውሃ ጋር ይጠራቀምና ፓምፑ አንድ ላይ ወደ ጣና ይተፋዋል። ከሞተሩ ሥር መያዣ ሳህን፣ በሆዱ ውሃ ላይ ዘይት የሚመጥ ጨርቅ፣ የፓምፑ መምጠጫ ደግሞ ከውሃው ፊት በታች። ፓምፑ ከመከፈቱ በፊት ጨርቁ ይነሳ።

ፈስሶ ከሆነ ኦሞ አይጣልበት፤ ቅባቱ ይሰምጥና ዓሣው ወዳለበት ይወርዳል። በጆንያ ገለባ ሞልተው በገመድ አያይዘው፣ ባዶ ሃይላንድ ተንሳፋፊ አድርገውለት ይክበቡት። ቀን ነፋሱ ወደ ዳር ሲገፋ ቅባቱ ደንገሉ ውስጥ ሳይገባ መያዝ አለበት፤ ከደንገል ሥር ማውጣት ከባድ ነው። ገለባ ውሃም ስለሚጠጣ በሰዓት ውስጥ ይውጣ። ዓባይ መውጫ አጠገብ ጆንያውን ፊት ለፊት አይዘርጉ፤ ፍሰቱ በሰከንድ ከ0.35 ሜትር ካለፈ ዘይቱ ሥር ሥሩን ያመልጣል። ሰያፍ አዘንብለው ቅባቱን ወደ ዳር እንዲገፋ ያድርጉ።

ከመስኖ ሞተሩ አጠገብ ያለው ሽንኩርት ወይም ጫት ይጠወልጋል

ሥሩ አየር አጥቷል። ነዳጅ ወደ ሞተሩ ሲቀዳ የሚፈሰው በየቀኑ ጥቂት ነው፣ ቦታው ግን አንድ ነው። ሞተሩን ጠርዝ ባለው የላሜራ ሳህን ላይ ያስቀምጡ፣ ከጄሪካን በፈነል ይቅዱ፣ ከመምጠጫው ቱቦ ያርቁት። የራሰውን አፈር እንደ ጋራዡ ያክሙ።

አፈሩ ማገገሙን በገብስ ዘር ይፈትሹ። በአንድ ሳህን የታከመውን፣ በሌላው ከማሳው ማዶ የመጣ ንጹሕ አፈር አድርገው 20፣ 20 ፍሬ ይዝሩ፣ እኩል ያጠጡ፣ በ7ኛው ቀን የበቀለውን ይቁጠሩ። በንጹሑ 18 በቅሎ በታከመው 10 ብቻ ከሆነ አፈሩን ሌላ ወር እየገለበጡ ያቆዩት።