ውሻችሁ መርዝ ከበላ ወተት አትጋቱት

ውሻ ያላችሁ ሁሉ፣ ይህቺን ነገር ያዙልኝ። ውሻችሁ ከውጭ ገብቶ ድንገት መንቀጥቀጥ፣ መንገዳገድ ወይም አረፋ መድፈቅ ከጀመረ ወተትና ዘይት ለመጋት አትሩጡ። ሰፈር ውስጥ ብዙ ሰው የሚመክረው ይህንኑ ነው። ግን የሚንቀጠቀጥ እንስሳ በደንብ መዋጥ አይችልም። የተጋተው ሳንባው ውስጥ ገብቶ ሊገድለው ይችላል። በግድ ማስታወክም እንደዚያው አደገኛ ነው።

ለባለቤት አልባ ውሾች በሥጋ ተደርጎ የሚጣለው ስትሪክኒን የተባለ መርዝ በደቂቃዎች ውስጥ ሊጥል ይችላል። ድምፅ፣ ብርሃንና መነካካት ያባብሰዋል። ጨለም ያለና ጸጥ ያለ ቦታ አድርጉት፣ ለእንስሳት ሐኪም ደውሉ፣ ወዲያው ውሰዱት።

የአይጥ መርዝ ደግሞ ያታልላል። ብዙዎቹ ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉ ናቸው፤ ምልክቱ ከ3 እስከ 5 ቀን ሊዘገይ ይችላል። ሲበላ ካያችሁት ደህና ቢመስልም አትጠብቁ። የበላው ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ከሆነ፣ ቫይታሚን ኬ በጊዜ ከተጀመረለት አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። የመርዙን ማሸጊያ ወይም የተረፈውን በላስቲክ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሕክምናው እንደ መርዙ ዓይነት ይለያያል። በባዶ እጅ ግን አትንኩት።

ጠዋት ውሻውን ከመፍታታችሁ በፊት ግቢውንና የአጥሩን ሥር ዞር ዞር ብላችሁ እዩ። ማታ ተወርውሮ ያደረ ሥጋ ሊኖር ይችላል።