ሚኒስትር ፊት የሚባክኑ ጥያቄዎች፦ የሕዝብ ተወካይም መራጩም ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በዓመቱ አጋማሽ ለአንድ ወር እረፍት ሲወጣና ሰኔ 30 የዓመት ሥራውን ሲዘጋ ተወካዮች ወደየመራጮቻቸው ይመለሳሉ። ጅማ ላይ በሚካሄዱት በእነዚህ መድረኮች ለበርካታ ዓመታት ቃለ ጉባኤ ይዣለሁ። ሰው የዕለት ሥራውን ትቶ፣ አንዳንዱም ከሩቅ ወረዳ ተሳፍሮ መጥቶ ያነሣው ጥያቄ ከወራት በኋላ በቴሌቪዥን ሚኒስትር ፊት ሲቀርብ አያለሁ። የሚያሳዝነኝ አለመቅረቡ አይደለም፤ ሲቀርብ መልስ ሊያስገኝ በማይችል መልክ መቅረቡ ነው።

ሥልጣኑ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 በግልጽ ተቀምጧል፤ ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንም ሆነ ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ለጥያቄ መጥራትና የአስፈጻሚውን አካል አሠራር መመርመር ይችላል። አንቀጽ 54 ደግሞ ተወካዩ ተገዥነቱ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው መሆኑን ይነግረዋል። ስለዚህ ቀጥለው የምዘረዝራቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የዝግጅት ጉድለት ናቸው፤ ተወካዩ ብቻውን ሳይሆን ጥያቄውን የምንሰጠው እኛም የምንፈጽማቸው ናቸው።

ጥያቄውን ለማይመለከተው ሚኒስትር ማቅረብ

ከሁሉም በላይ ጥያቄ የሚባክነው እዚህ ላይ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ላብራራው። የፌዴራሉ መንግሥት በጤናና በትምህርት አገር አቀፍ መመዘኛና መሠረታዊ የፖሊሲ መስፈርት ያወጣል፤ ጤና ጣቢያውንና የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቱን የሚያስተዳድረው ግን ክልሉ ከነዞኑና ከነወረዳው ነው። እንግዲህ ተወካዩ «በዞናችን የዚህ ወረዳ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ለምን የለውም?» ብሎ የጤና ሚኒስትሯን ቢጠይቅ «ጉዳዩ የክልሉ ነው» የሚል አጭር መልስ ይሰማል፤ መልሱም ስህተት አይደለም። «አንድ ጤና ጣቢያ ሊኖረው የሚገባው የአዋላጆች ቁጥር በአገር አቀፍ ደረጃ ስንት ነው? ሚኒስቴሩ ይህ መሟላቱን የሚያረጋግጠው በምን መንገድ ነው? ባለፈው ዓመት በዚህ መንገድ ሲያረጋግጥስ ምን አገኘ?» ቢል ግን ከሚኒስትሯ በቀር የሚመልስለት ሰው የለም።

ጅማ ላይ ነገሩ የበለጠ ይወሳሰባል፤ ምክንያቱም ከዞኑም ከአጎራባች አካባቢዎችም በሽተኛ የሚላክበት ትልቁ ሆስፒታላችን የዩኒቨርሲቲው አካል ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የጅማ ግብርና ኮሌጅና የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ተዋህደው በ1992 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን፣ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ ተጠሪነታቸው ለትምህርት ሚኒስቴር ነው። ከ2011 እስከ 2014 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ለሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ተጠሪ ስለነበሩ የዚያን ጊዜ ሰነድ ይዞ የሚከራከር ተወካይ በመሥሪያ ቤቱ ሊሳሳት ይችላል። በመሆኑም የሆስፒታሉን በጀትና የመምህር ሐኪሞቹን ጉዳይ የትምህርት ሚኒስትሩ ሊጠየቁበት ይገባል። የመድኃኒት አቅርቦቱ ጅማ ላይ ቅርንጫፍ ያለውን የኢትዮጵያ የመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎትን ይመለከታል፤ ይህም በጤና ሚኒስትሯ በኩል ይጠየቃል። የመድን ክፍያው ደግሞ የኢትዮጵያ ጤና መድን አገልግሎትን ይመለከታል። አንድ በሽተኛ በአንድ ቀን የገጠመው ችግር ለሦስት መሥሪያ ቤቶች የሚቀርብ ሦስት ጥያቄ መሆኑን ያልለየ ተወካይ አንዱ ወደ ሌላው ሲያሻግረው ይውላል።

ፍትሕ ላይም እንዲሁ ነው። በእኛ አካባቢ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ሥልጣን የሆነውን ጉዳይ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 መሠረት የክልሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደርቦ ያያል። ዳኞች አነሱ፣ ቀጠሮ ረዘመ ብሎ የፍትሕ ሚኒስትርን መውቀስ ስለዚህ ዒላማውን ይስታል። ጥቂት ሰው የሚያነበው አንቀጽ 79 ንዑስ አንቀጽ 7 ግን የፌዴራል ጉዳዮችን ደርበው ለሚዳኙ የክልል ፍርድ ቤቶች የማካካሻ በጀት የሚመድበው ራሱ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መሆኑን ይደነግጋል። የእኛ ተወካይ ይህን በጀት የተመለከተ ጥያቄ በየዓመቱ ቢያነሣ ለጅማ ባለጉዳይ ከብዙ ወቀሳ የበለጠ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

በትርጉም መሐል ነገሩን መጣል

በመድረኮቻችን አብዛኛው ሰው የሚናገረው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ምክር ቤቱ የሚወያየው በአማርኛ ነው። ትርጉሙ በራሱ ችግር አይሆንም። ችግሩ የሚመጣው ቀጥተኛው የሰው ንግግር ወደ ቢሮ ቋንቋ ሲለወጥ ነው።

አንድ ጊዜ አንዲት እናት ተነሥታ ከነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ፈታች። የጤና መድን መታወቂያዋንና ሦስት የግል መድኃኒት ቤት ደረሰኞች አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸው። «መዋጮዬን ከፍያለሁ፣ መታወቂያዬንም አሳድሻለሁ፤ ልጄ ሲታመም ግን መድኃኒቱንም ጓንቱንም ከውጭ ገዝተሽ ነይ አሉኝ» አለች። ቃለ ጉባኤው ላይ የሰፈረው ዓረፍተ ነገር የሚከተለው ነው፦ «ከመድኃኒት አቅርቦት ውስንነት ጋር ተያይዞ በተገልጋዮች እርካታ ላይ ክፍተት መኖሩ ተነሥቷል።» ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እስከ ዛሬም ይቆጨኛል። ከዚያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ መድኑ ወጥቷል፣ ደረሰኙ ወጥቷል፣ ከኪስ የተከፈለው ገንዘብም ወጥቷል። ተወካዩ ያንን ይዞ ቢጠይቅ «የውጭ ምንዛሪ እጥረት አለ» ከሚለው የተለመደ መልስ በላይ ምን ሊያገኝ ይችላል? የእናቲቱ ጥያቄ ግን ስለ ምንዛሪ አልነበረም። አባል የሆነ ሰው ከውጭ የገዛው ገንዘቡ ይመለስለታል ወይስ አይመለስለትም የሚል ነበር። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት ወረዳዎች አንዷ በዞናችን ያለችው ሊሙ ኮሳ ናት። ይህ ሕዝብ መድንን ከጅምሩ ያውቀዋል፤ ጥያቄውም ከሌላው ቦታ ይልቅ የተብላላ ነው፤ ስለዚህ ሳይለሰልስ እንደተነገረው ሊደርስ ይገባዋል።

«ምን እየተሠራ ነው?» ብሎ መጨረስ

በምክር ቤቱ አዳራሽ በብዛት የሚሰማው የጥያቄ መዝጊያ «በዚህ ረገድ ምን እየተሠራ ነው? ማብራሪያ ቢሰጥበት» የሚለው ነው። እንዲህ ያለው ጥያቄ ለሚኒስትሩ የንግግር በር ይከፍታል፤ «ትኩረት ተሰጥቶታል»፣ «በሂደት ላይ ነው»፣ «ርብርብ እየተደረገ ነው» የሚሉት መልሶች በዚያ በር ይገባሉ። አንዳቸውም ሐሰት ነው ሊባሉ አይችሉም፣ እውነትነታቸውም አይፈተንም።

ቁጥርን፣ ቀንን፣ ኃላፊውን ወይም «አዎ» እና «የለም»ን የሚጠይቅ ጥያቄ ከዚህ ይለያል። «የታሳሪዎች አያያዝን ለማሻሻል ምን እየተሠራ ነው?» ከማለት፣ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል፤ «በፌዴራል ፖሊስ ከተያዙት ውስጥ ባለፉት 6 ወራት ከዚህ ጊዜ በኋላ የቀረቡት ስንት ናቸው? ይህን የሚመዘግበውስ የትኛው ክፍል ነው?» ማለት ይሻላል። ሚኒስትሩ ቁጥሩን ካላወቁ አለማወቃቸው ራሱ በቃለ ጉባኤ የሚሰፍር መልስ ይሆናል። የቆጠረው ክፍል ከሌለም ምክር ቤቱ እንዲቋቋም የሚያዝዘው ነገር አገኘ ማለት ነው።

ብዙ ጥያቄ በአንድ ትንፋሽ

የብዙ አባላት ጥያቄ በተከታታይ ከተሰበሰበ በኋላ ሚኒስትሩ በአንድነት መመለሳቸው የተለመደ ነው። በዚህ አሠራር ውስጥ ሰባት ነገር የጠየቀ ሰው የሚመለስለት ቀላሉ ነው፤ የቀሩት ስድስቱ መዘለላቸውንም የሚያስተውል የለም። ከጥያቄው በፊት የሚቀርብ ረጅም ምስጋናም ጊዜ ይበላል። አንድ ጥያቄ፣ ቢበዛ ሁለት።

በመቶኛ መሸወድ

የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ሲጀምር ከተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆኑ። በእነዚህ ቁጥሮች «ትምህርቱ ሞቷል» ብሎ መነሣትም «ተሻሽሏል» በሚለው ረክቶ መቀመጥም ያሳስታል፤ ቁጥሩ የ12 ዓመት ትምህርት መጨረሻ እንጂ ምክንያቱ አይደለም። ከ100 ተፈታኞች ከ90 በላይ የሚሆኑት የት እንደደረሱ የሚጠይቅ ተወካይ ብዙም አልሰማሁም። 50 በመቶ ሳያመጡ ቀርተው በአቅም ማሻሻያ ትምህርት ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከገቡት ውስጥ ስንቱ አልፎ አንደኛ ዓመት ጀመረ? ያላለፈውስ ምን አማራጭ ተሰጠው? ይህ ለትምህርት ሚኒስትሩ በቀጥታ የሚቀርብ ጥያቄ ነው።

የመማሪያ መጽሐፍ ነገርም አለ። ሦስት ተማሪዎች ገንዘብ አዋጥተው የአንድ መጽሐፍ ምዕራፍ በፎቶ ኮፒ ቤት ሲያስገለብጡ ቆሜ አይቻለሁ። ገጹ ጠቁሮ ሥዕሉ ስለማይለይ አንደኛዋ ልጅ የልብን ክፍሎች በእስክርቢቶ ደግማ ትስል ነበር። «መጽሐፍ ለተማሪ ጥምርታው ስንት ነው?» ቢባል አገራዊ አማካይ ይነገረናል። የሚያስፈልገን በክፍል ደረጃና በትምህርት ዓይነት ተለይቶ የታተመውና ትምህርት ቤት ደጃፍ የደረሰው ቁጥር ነው፤ በመጋዘንና በክፍል መካከል ያለው ርቀት በአማካይ ውስጥ አይታይም።

በፍርድ ቤት የተያዘ ጉዳይን ማንሣት

ይህን የሚያደርጉት አብዛኛውን ጊዜ ከልብ የተቆረቆሩ ተወካዮች ናቸው። የአንድ መራጭ ዘመድ ጉዳይ ዘገየ ወይም ተበላሸ ተብሎ ይነገራቸውና ሚኒስትሩ «መፍትሔ እንዲሰጡ» ይጠይቃሉ። ዳኛ ከሕግ በቀር በሌላ ሁኔታ አይመራም፤ ሚኒስትሩ እጃቸውን ቢያስገቡ ጥፋቱ ከመዘግየቱ ይብሳል። ይልቅስ የዐቃቤ ሕግን አሠራር፣ የክስ መዝገብ የሚቆይበትን ጊዜ፣ ጠበቃ ማቆም ለማይችል ተከሳሽ አንቀጽ 20 ስለሚሰጠው መብት አፈጻጸም መጠየቅ ይቻላል። ጅማ ላይ ነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡት የዩኒቨርሲቲው የሕግ ትምህርት ቤት ሰዎች የትኛው ዓይነት ጉዳይ ተደጋግሞ እንደሚመጣ ያውቃሉ፤ ተወካዩ ጥያቄውን ከማርቀቁ በፊት አንድ ጠዋት ከእነርሱ ጋር ቢቀመጥ ጥሩ ነው።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ጥንቃቄም አለ፦ የምክር ቤቱ ስብሰባ ግልጽ ነው፣ በቴሌቪዥንም ይተላለፋል። የበሽተኛ ስም፣ የተደፈረች ልጅ ሰፈር፣ የታሳሪ ዝርዝር እዚያ መነበብ የለበትም። ደረሰኙና ሰነዱ ለቋሚ ኮሚቴው በጽሑፍ ይሰጥ።

መልሱን ሰምቶ መቀመጥ

ሚኒስትሩ «በዚህ ዓመት መጨረሻ ይጠናቀቃል» ካሉ ቃሉ ከነቀኑ ከቃለ ጉባኤ ተገልብጦ ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ መድረስ አለበት፤ ፍትሕ፣ ጤናና ትምህርት እያንዳንዳቸው የሚከታተላቸው ቋሚ ኮሚቴ አላቸው። የዋና ኦዲተር ሪፖርት ሲቀርብም መልሱን ከግኝቱ ጋር ማስተያየት ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር የዓመቱ ጠንካራ ጥያቄ መነሣት ያለበት ረቂቅ በጀቱ ሳይጸድቅ ነው፤ ከጸደቀ በኋላ የሚነሣው ጥያቄ አንድ ዓመት ይጠብቃል።

የመጨረሻው ሥራ እዚሁ ጅማ ነው። ተወካዩ በሐምሌ ሲመጣ አዲስ ጥያቄ ከመቀበሉ በፊት ያለፈውን መድረክ ጥያቄዎች አንድ በአንድ አንሥቶ የተሰጠውን መልስ፣ መልስ ያጣውንም ጭምር፣ በተጠየቀበት ቋንቋ ማንበብ አለበት። ያቺ እናት በቀጣዩ መድረክ መጥታ ነበር። ደረሰኞቹ አሁንም በነጠላዋ ጫፍ እንደተቋጠሩ ነበሩ፤ ስለ እነርሱ ከአዲስ አበባ ምን እንደተባለ ስትጠይቀኝ የማነብላት ነገር አልነበረኝም።