ሐረጎን ወርዶ መሪው ሲንቀጠቀጥ፦ ዲስክ ሲላግ የሚሠሩ ስህተቶች

ሐረጎ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደው ቁልቁለት ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከፍታው ግን በዚያች አጭር መንገድ 600 ሜትር ያህል ይወርዳል። 1,300 ኪሎ የሚመዝን መኪና ሐረጎን ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት፣ ያንኑ መኪና በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 15 ጊዜ አከታትሎ በፍሬን ከማቆም ጋር ይስተካከላል። ከፊሉን ነፋሱና ጎማው ይወስዱታል፤ የቀረውን ሞተሩ በማርሽ ካልያዘው በሙሉ ሙቀት ሆኖ ዲስክ (ከጎማው ጋር የሚዞረው የፍሬን ብረት) እና እሱን ጨምቆ የሚይዘው ሸራ ላይ ያርፋል። ከጋሸና በዲልብ ወደ ወልድያ የሚወርድማ ከዚህ የባሰ ነው። ወሎ ውስጥ «ፍሬን ስይዝ መሪው ይርገበገባል» የሚለው እሮሮ የበዛው ያለ ምክንያት አይደለም። መፍትሔው ግን ሁልጊዜ ፊቱ እንዲላግ ዲስኩን ቶርኖ (የብረት መላጊያ ማሽን) ቤት መላክ አይደለም። ምክንያቱ ሳይነካ የተላገ ዲስክ፣ ቀጥኖ ያንኑ ችግር ይዞ ይመለሳል።

ሳይመረምሩ «ዲስኩ ተጣሟል» ማለት

አብዛኛውን ጊዜ ዲስኩ አልተጣመመም። ወይ ውፍረቱ ዙሪያውን እኩል አይደለም፣ ወይ ደግሞ ከሸራው የቀለጠ ቅሪት በአንድ በኩል ተለጥፎበታል። 0.02 ሚሊ ሜትር የውፍረት ልዩነት፣ ማለትም ከአንዲት የራስ ፀጉር ውፍረት ሩብ የሚያህል ነገር፣ መሪ ላይ ለመሰማት ይበቃል።

መጀመሪያ መኪናውን ሜዳ መንገድ ላይ ይሞክሩት። ከ70 እስከ 80 ሲነዱ ፍሬን ሳይነኩም የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ጉዳዩ የጎማ ባላንስ፣ የተጎዳ ቸርኬ ወይም የላላ የመሪ ክፍል ነው፤ ዲስኩን ይተዉት። ፍሬን ሲይዙ ብቻ መሪው የሚርገበገብ ከሆነ የፊት ዲስኮችን ይመልከቱ። መሪው ፀጥ ብሎ መቀመጫው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የኋላውን ዲስክ ወይም ታምቡር። ጠጠር መንገድ ላይ በኃይል ሲረግጡ ፔዳሉ ከእግር ሥር ቢመታዎ ግን ኤቢኤስ ሥራውን እየሠራ ነው፤ ብልሽት አይደለም።

ሞዞውን ሳያፀዱ ዲስክ መግጠም

አንዱን ስህተት ብቻ አስወግዱ ብንባል የምንመርጠው ይሄን ነው።

ጎማው ወልቆ ዲስኩ ሲነሳ፣ ዲስኩ የሚቀመጥበትን የሞዞ (ዲስኩና ጎማው የሚታሰሩበት የሚዞር ክፍል) ፊት ልብ ብለው ይዩት። ክረምቱን ጭቃና ውኃ ሲጠጣ የከረመ ሞዞ ላይ ዝገቱ እንደ ቅርፊት ይጋገራል፤ በተለይ በየቡሎኑ ሥር ቀለበት ሠርቶ ይቀመጣል። በጨርቅ ቢጠርጉት አይለቅም፤ ጥፍር ሲያስኬዱበት ግን ይንቋቋል። የሞዞው ፊት ስፋት 14 ሴንቲ ሜትር፣ የዲስኩ 26 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ በአንድ በኩል የቀረች 0.05 ሚሊ ሜትር ዝገት ዲስኩ ጠርዝ ላይ ስትደርስ 0.09 ትሆናለች። አብዛኞቹ መኪኖች የሚፈቅዱት ወለምታ (ዲስኩ ሲዞር ወደ ጎን የሚወዛወዝበት ልክ) ደግሞ 0.05 አካባቢ ነው። ያ ዲስክ ቶርኖ ላይ የቱንም ያህል ቀጥ ብሎ ቢላግ፣ መኪናው ላይ ሲታሰር እየተወላገደ ይዞራል።

ክፋቱ ደግሞ ወለምታው በዕለቱ አይሰማም። ዲስኩ በዞረ ቁጥር ያች ያበጠች ጎኑ ፍሬን ባይያዝም ሸራውን ትዳስሰዋለች። ጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር እንዲህ ስትታሽ ትሳሳለች፤ ያኔ ውፍረቱ ይለያይና መሪው ይጀምራል። «ካስላግኩት ሦስት ወር ሳይሞላው ተመለሰብኝ» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ የመጣ ነው፤ ሰው ቶርኖውን ይወቅሳል፣ ጥፋቱ የሞዞው ነው።

እንዲህ ያፅዱት፦ በሽቦ ብሩሽ ቅርፊቱን ያራግፉ፣ ቀጥሎ በ120 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ንጹሕ ግራጫ ብረት እስኪታይ ይሹ፤ በየቡሎኑ ዙሪያና በቡሎኖቹ መካከል ሳይዘልሉ። የዲስኩንም የውስጥ መቀመጫ እንደዚሁ። ከዚያ ዲስኩን አስቀምጠው ሁሉንም ዳዶ በሮንዴላ ያጥብቁ፤ ዳያል ጌጅ (ወለምታ የሚያነብ ባለ መርፌ መለኪያ) ከጠርዙ 10 ሚሊ ሜትር ገባ ብሎ ይደግኑና አንድ ዙር ያዙሩት። ከ0.05 በላይ ካነበበ ዲስኩን አውልቀው በአንድ ቡሎን ቀዳዳ አዙረው እንደገና ይለኩ። አምስት ቡሎን ካለው አምስት ምርጫ አለዎት፤ ዝቅተኛው በተገኘበት ዲስኩንም ሞዞውንም ምልክት ያድርጉ። በየትኛውም አቀማመጥ የማይወርድ ከሆነ ራሱን ሞዞውን ወይም ኩሽኔታውን ይጠርጥሩ።

ዳዶ ላይ ቧንቧ አስገብቶ መርገጥ

ኮሮላና ቪትዝ የጎማ ዳዷቸው የሚጠብቀው በ103 ኒውተን ሜትር ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 50 ሴንቲ ሜትር ቧንቧ ጫፍ ላይ ሲቆም ከ340 በላይ ያሳርፋል፤ ከሦስት እጥፍ በላይ። እንዲያ አንዱ ዳዶ ተጨንቆ ሌላው ላላ ሲል ዲስኩ ሞዞው ላይ ይጎብጣል። ጎሚስታው በአየር ሽጉጥ ከሆነ የሚያስረው በሽጉጡ ያስጀምር፤ ማጥበቂያው ግን በቶርክ ሬንች፣ ፊት ለፊት እየተሻገሩ፣ በሁለት ዙር ይሁን።

ውፍረቱን ሳይለኩ ወደ ቶርኖ መላክ

እያንዳንዱ ዲስክ ላይ፣ ጠርዙ ወይም መሃሉ ላይ፣ ከዚያ በታች መሄድ የማይፈቀድ ዝቅተኛ ውፍረት ተቀርጿል። በካሊብሮ ዝም ብለው ቢለኩት ይሳሳታሉ፤ መንጋጋው የሚያርፈው ሸራ ያልደረሰበት የዛገ ጠርዝ ላይ ስለሆነ ከእውነተኛው ወፍሮ ያነባል። በማይክሮ ሜትር፣ ከጠርዙ 10 ሚሊ ሜትር ገባ ብለው፣ ዙሪያውን ስምንት ቦታ ይለኩ። ከስምንቱ ትንሹ ቁጥር ነው የሚፈርደው።

ለምሳሌ አዲስ ሳለ 22 የነበረ፣ ዝቅተኛው 20 የሆነ ዲስክ አሁን 20.6 ቢያነብ፣ ቶርኖው ከየፊቱ 0.3 ሲያነሳለት 20 ላይ ይደርሳል። ያ ዲስክ ገና ሳይገጠም ዕድሜው አልቋል። ብረት የቀነሰ ዲስክ ሙቀት የሚይዝበት ሥጋ የለውም፤ ሐረጎ ላይ ከአዲሱ ቀድሞ ይግላል። እንዲህ ያለውን ገንዘብ አጠራቅሞ መቀየር ይሻላል፤ ሲቀየርም ግራና ቀኙ አብረው።

የተበሳና ቦይ ያለው ዲስክን እንደ ተራ ዲስክ ማስላግ

ለፍጥነትና ለሙቀት የተሠሩ ዲስኮች ቀዳዳ ወይም ቦይ አላቸው። ላጊው ቢላ ቀዳዳ በደረሰ ቁጥር ይወድቅና ይመታል፤ ፊቱም ሞገድ ይሠራል። ስለዚህ ቶርኖው ዝግ ብሎ ይዙር፣ ቢላው አዲስ ካርባይድ ይሁን፣ አንድ ጊዜ የሚነሳው ከ0.1 ሚሊ ሜትር አይብለጥ፣ የመጨረሻው ዙር በአንድ ዙረት 0.05 ብቻ ይራመድ። ዲስኩ እንዳይጮህ ጠርዙ ላይ ወፍራም የላስቲክ ቀበቶ ይጠምጠምበት። ግራይንደር ያለው ቤት ከተገኘ ለነዚህ ዲስኮች ከቢላ ይመረጣል።

ከመላጉ በፊት ግን ስንጥቅ ይፈልጉ። ከቀዳዳ ጀምሮ ጥፍር የሚይዝ ስንጥቅ፣ ወይም ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ሌላው የተሻገረ መስመር ካለ ዲስኩ ይጣላል። ቦዩ ከላጉ በኋላ የሚጠፋ ከሆነም እንዲሁ። የካርቦን ሴራሚክ ዲስክ ቶርኖ ላይ ጨርሶ አይወጣም። ተራ ዲስክን ለማማር ብሎ በድሪል ማስበሳትማ ሕይወት ላይ መጫወት ነው፤ ዲስኩ ፋብሪካ ሲሠራ ለቀዳዳ አልተዘጋጀም፣ ከየቀዳዳው ይሰነጠቃል።

ፊቱ ላይ ሰማያዊ ነጠብጣብ ካዩም አያስልጉት። ጊዛ (ዲስኩ የተሠራበት ብረት) ከ650 ዲግሪ በላይ ሲግል በየቦታው ባሕርዩን ለውጦ ይጠጥራል፤ ቢላው ይዘልለዋል፣ ጥጥረቱም ወደ ውስጥ ስለሚዘልቅ ቢላግም ተመልሶ ብቅ ይላል።

ተራ ቶርኖ ላይ የሚሠራ ሌላ ስህተት አለ፦ አንዱን ፊት ልጎ፣ ዲስኩን ፈትቶ፣ ገልብጦ ሌላውን መላግ። እንደገና ሲታሰር ቅንጣት ከዞረ ሁለቱ ፊቶች ትይዩ አይሆኑም፤ ማለትም ሊያስወግዱት የሄዱትን የውፍረት ልዩነት ገንዘብ ከፍለው ገዝተው ይመለሳሉ። ሁለቱም ፊት በአንድ እስር ይላግ። ባለሙያው ይሄን ካልተቀበለ ዲስክዎን ይዘው ይውጡ።

ከቶርኖ እንደወጣ መግጠም

የተላገ ፊት እንደ ሸክላ ማጫወቻ ጠመዝማዛ መስመር አለው፤ ሸራውን ወደ አንድ ጎን ይስበዋል፣ ያንኳኳልም። እየዞረ ሳለ በ120 ወይም በ150 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ከየፊቱ አንድ አንድ ደቂቃ ይታሽ። ቀጥሎ በሙቅ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ በብሩሽ ይታጠብ። ቤንዚን ዘይቱን ያነሳል እንጂ በጊዛው ቀዳዳ የገባውን የብረት ዱቄት አያወጣም። ነጭ ጨርቅ ሲያስኬዱበት ሳይጠቁር ከተመለሰ በቃው። የተበሳ ከሆነ እያንዳንዱን ቀዳዳ በሽቦ ይጥረጉ።

አሮጌ ሸራና የደረቀ ፒን

የካሊፐሩ (ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚጨምቀው ክፍል) ተንሸራታች ፒን ደርቆ አልንቀሳቀስ ካለ አንዱ ሸራ ብቻውን ይሠራል፣ ዲስኩም በአንድ ፊቱ ይግላል። ያወለቁት የውስጥ ሸራ ከውጩ በ2 ሚሊ ሜትር ከሳሳ ምልክቱ ይሄው ነው። ፒኑን አፅድተው በሲሊኮን ግሪስ ይቅቡት፤ የኩሽኔታ ግሪስ ላስቲኩን ያሳብጠዋል። የተላገ ዲስክ ላይ እንደ መስታወት የተወለወለ አሮጌ ሸራ አይመለስም።

ፍሬን ዘይቱንም በዚያው ይዩት። አዲስ ዶት 4 ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ከጠጣ ወደ 155 ሊወርድ ይችላል። ሁለት ዓመት ያለፈው ዘይት ይቀየር።

ሳያለማምዱ ቁልቁለት መውረድ

አዲስ ሸራ ዲስኩ ላይ ስስና እኩል ሽፋን ማኖር አለበት። ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ ያለው መንገድ ጭር ሲል ለዚህ ይመቻል። ከ60 ወደ 15 ዝቅ እስኪል መካከለኛ ጉልበት ይርገጡ፣ ጨርሰው ሳያቆሙ ይልቀቁ፣ 30 ሰኮንድ ይንዱ፤ ስምንት ወይም አሥር ጊዜ ይደጋግሙ። በመጨረሻ ፍሬን ሳይነኩ አሥር ደቂቃ ይንዱና ይብረድ። በመሃል ቢያቆሙ የጋለው ሸራ መልኩን ዲስኩ ላይ ያትማል፤ ያም ኅትመት ነው ነገ መሪዎን የሚንጠው።

ሐረጎን ጨርሰው ኬላ ላይ ሲቆሙም ነገሩ ያው ነው። ፔዳሉን ጭምቅ አድርገው አይጠብቁ፤ መንገዱ ሜዳ ከሆነ እግርዎን አንስተው በእጅ ፍሬን ይያዙት፣ ወይም ቀስ እያሉ ወደፊት ይግፉት። ቁልቁለቱን በፎሌ መውረድ ነዳጅ ይቆጥባል የሚሉ አሉ፤ ያቺ የነዳጅ ቁጠባ ዲስክና ሸራ ትበላለች። ገና ከላይ ሳሉ ወደ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ማርሽ ይውረዱ፤ ካምቢዮው አውቶማቲክ ከሆነ 2 ወይም ኤል ላይ ያድርጉ። ፍሬኑን ለረጅም ጊዜ በስሱ ከማሸት፣ ጠንከር አድርገው ይዘው መልቀቅ ይሻላል።

ታች ደርሰው መኪና ማጠቢያ ከገቡ ለልጁ «ጎማው ላይ ውኃ እንዳታፈስ፣ መጀመሪያ ላዩን እጠብ» ይበሉት። የጋለ ጊዛ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ሲደፋ ይሰነጠቃል፤ የተበሳ ዲስክ ደግሞ ከሁሉ ይቀድማል። እጅዎን ወደ ቸርኬው ጠጋ አድርገው ወላፈኑ እስኪጠፋ ግማሽ ሰዓት ይስጡት።