በግዴለሽነት የተሞላ የባህርይ መጠይቅ እንዴት ይለያል?

እንደ የካ አባዶና ኮዬ ፈጬ ባሉ የከተማ ዳር ኮንዶሚኒየሞች ሰው ቤቱ የሚገኘው አመሻሽ ላይ ነው። የታክሲ ሰልፍ አድክሞታል። ያኔ 50 ዓረፍተ ነገር ያለው መጠይቅ ሲሰጡት ቶሎ ሞልቶ መገላገል ቢፈልግ አልፈርድበትም። ግን እንዲህ የተሞላው ቅጽ ካልተለየ ትንተናውን ያበላሻል።

መጀመሪያ ሰዓቱን እዩ። በኮቦ (በስልክ ወይም በታብሌት መረጃ መሰብሰቢያ) ከሆነ መነሻና ማብቂያው ይመዘገባል። በተለምዶ ለአንድ ዓረፍተ ነገር በአማካይ ከ2 ሰከንድ በታች ከሆነ ሰውየው አላነበበም ይባላል። ስለዚህ 50ው ከ100 ሰከንድ ባነሰ ካለቀ ምልክት አድርጉበት።

ቀጥሎ በኤክሴል የእያንዳንዱን ሰው መልሶች ስታንዳርድ ዲቪዬሽን (መልሶቹ ምን ያህል እንደሚለያዩ የሚያሳየውን ቁጥር) አስሉ። ዜሮ ከመጣ ሁሉንም አንድ ዓይነት ሞልቷል። ይህ የሚሠራው የተቃራኒ ዓረፍተ ነገሮች ነጥብ (5ቱ 1፣ 1ዱ 5 ተደርጎ) ሳይገለበጥ በፊት ነው። ውድ ሶፍትዌር አያስፈልግም።

አስቸጋሪው እርስ በርስ የሚቃረኑትን ማግኘት ነው። «በቀላሉ እጨነቃለሁ» እና «በችግር ጊዜ እረጋጋለሁ» የሚሉትን አጣምሩ። መለኪያው ከ1 እስከ 5 ከሆነ የሁለተኛውን መልስ ከ6 ቀንሱና ከመጀመሪያው ጋር አነጻጽሩ። ልዩነቱ 3ና ከዚያ በላይ ከሆነ ግጭት አለ። በአንድ ጥንድ ግን ማንንም አትጣሉ፤ ብዙ ጥንዶች አዘጋጁ።

እዚህ ላይ በጣም ተጠንቀቁ። «ሥራዬን ሳልጨርስ አልተውም» የሚለው ላይ «አልስማማም» ማለት ጠንቃቃውንም ሰው ያደናግራል። ብዙ ሰው አንድ ጥንድ ላይ ከተሰናከለ ጥፋቱ የዓረፍተ ነገሩ ነው። አንድ ሰው ብዙ ጥንድ ላይ ከተሰናከለ ግን አላነበበም ማለት ይቻላል። ደግሞ እንግዳን ላለማስቀየም ሁሉንም «እስማማለሁ» የሚሉ አሉ፤ በተለይ ትልልቅ ሰዎች። ይህ ግዴለሽነት አይደለም። በ1989 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤም ኤም ፒ አይ-2 የተባለው የታወቀ የባህርይ መጠይቅ እንኳ የዘፈቀደ መልስንና ሁሉን በአዎንታ መቀበልን በተለያዩ መለኪያዎች ነው የሚይዘው። እናንተም ለየብቻ ያዟቸው።

ቅጹን ከትንተናው የምታወጡት ሁለትና ከዚያ በላይ ምልክት ሲኖርበት ብቻ ይሁን። ደንቡን ውጤቱን ሳታዩ ወስኑ፣ ስንት ቅጽ እንደወጣም ጻፉ።

በመጨረሻ ምልክት ያለባቸውን ቅጾች በመረጃ ሰብሳቢ ስም ደርድሩ። አንድ ሰው ላይ ከተከማቹ ከቅጾቹ የተወሰኑትን ይዛችሁ ቤቶቹ ድረስ ሂዱና በእርግጥ ተጠይቀው እንደሆነ አጣሩ።