ደንበኛው «ሥራ ላይ ነኝ» ብሎ ስልኩን እንዳይዘጋ

ጅማ ውስጥ በስልክ እየደወለ የሚሸጥ ቡድን ለምትመሩ። ብዙ ደንበኛ ገና ሳይሰማ የሚዘጋው ሰዓቱ ስላልተመቸው ነው። ሻጮቻችሁ ስማቸውንና የድርጅቱን ስም እንደተናገሩ «አሁን ይመችዎታል ወይስ መቼ ልደውል?» ብለው ይጠይቁ። የተባለውን ሰዓት መዝገብ ላይ ያስፍሩ፤ መልሶ የሚደውለውም ያው ሰው ይሁን። ደንበኛው ሰዓቱን ራሱ ስለመረጠ ሁለተኛው ጥሪ እንግዳ አይሆንበትም፣ የሻጩንም ድምፅ ያውቀዋል። (ስልኩን በአፋን ኦሮሞ ካነሳ በዚያው መቀጠል እዚህ የግድ ነው።) ነጋዴ ከሆነ ሐሙስ ተዉት፣ የሂርማታ ገበያ ቀን ነው። አርብም የጁምዓ ሰላት እስኪያልቅ ጠብቁ። ቅሬታ ይዞ የደወለን ደንበኛ ግን በቀጠሮ አትመልሱት፤ እዚያው ስሙት።