ባስ ሆርን ከመምረጥህ በፊት የክፍልህን ጥግ እይ

ለቤት ባስ ሆርን (እየሰፋ በሚሄድ ቱቦ ዝቅተኛውን ድምፅ የሚያጎላ ስፒከር) ካሰብክ ከስፒከሩ በፊት ጥጉን ለካ። የ40 ኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ 8.6 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ግድግዳና ወለል ካላገዙት የሆርኑ አፍ፣ ማለትም ድምፁ የሚወጣበት ሰፊው ጫፍ፣ 5.8 ካሬ ሜትር ሊሆን ነው። ይህ ቤት ውስጥ አይታሰብም! ሁለት ግድግዳና ወለል የሚገናኙበት ጥግ ላይ ግን አንድ ስምንተኛው፣ 0.73 ካሬ ሜትር ይበቃዋል። ጥጉ በር ካለበት ሐሳቡን ተወውና ታፕድ ሆርን (የስፒከሩ ፊትና ጀርባ ሁለቱም ወደ አንድ ሆርን የሚገቡበት ዓይነት) ሥራ፤ መጠኑ ያንሳል፣ ከ100 ኸርዝ በላይ ግን ድምፁ ስለሚዘበራረቅ ክሮስኦቨሩን (ባሱን ከሌላው ድምፅ የሚለየውን ወሰን) ከዚያ በታች አድርገው።

ሆርኑ ከተሠራለት ድግግሞሽ በታች ኮኑን (የሚርገበገበውን የስፒከሩን ገጽ) የሚገታው አየር ስለሌለ ኮኑ ያለ ልክ ይወዛወዛል፣ ኮኑን የሚያንቀሳቅሰው የሽቦ ጥቅል (ኮይሉ) ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ 35 ኸርዝ አካባቢ ሃይ ፓስ ፊልተር (ከዚያ በታች ያለውን ድምፅ የሚያስቀር) የግድ ነው። የታጠፈው የሆርን መንገድ 2.5 ሜትር ከሆነ ደግሞ ባሱ 7 ሚሊሰከንድ ዘግይቶ ይደርሳል፤ ሌሎቹን ስፒከሮች በዚያው ልክ አዘግያቸው።